ባለ 18 ኢንች ወይስ ባለ 10?
ጓደኛዬ ቪትዙ ላይ ባለ 18 ኢንች ሰብዉፈር (ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) አስገጥሟል። የኋላው ዕቃ መጫኛ በሙሉ ሳጥን ሆኗል፤ ጎማ ቢተነፍስበት ትርፍ ጎማው ከሥር ተቀብሯል። ጣና ዳር አቁሞ ሲለቀው ታርጋው ይንቀጠቀጣል፣ ጀበና ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ሲኒዎች ይንቀጫቀጫሉ፣ ዘፈኑ ግን የቱ እንደሆነ አይለይም። ኤሌክትሪኩስ? ሰብዉፈሩ 2,000 ዋት ይፈልጋል ብንል፣ በ12 ቮልት ከ160 አምፔር በላይ ነው፣ የትንሽ መኪና ዲናሞ ይህን ከየት ያመጣል? ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ደብዘዝ ይላል።

የኔ ባለ 10 ነው። ጥግ ላይ ተወሽቆ ቤዝ ጊታሩን ከከበሮው ለይቶ ያሰማኛል፣ ከመርዓዊ ሽንኩርት ጭኜም እመጣለሁ። ለሰርግ አጀብ ግን፣ አልዋሽም፣ የምጠራው እሱን ነው።