ስሟን እንዳልጽፍ ለለመነችኝ ነርስ

«ስሜን እንዳይጽፉ» ብላኛለችና አልጽፍም። ከማመስገን ግን አትከለክለኝም።

የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመነጭበት ዕጢ) ካንሰር ቀዶ ሕክምናዬ እንዳለቀ፣ ኬሞቴራፒው በደም ሥሬም በቀጥታ ሆዴ ውስጥም እንደሚሰጠኝ ተነገረኝ። ሆዴ ውስጥ ከገባማ ሌላው አካሌ ተረፈ ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ስነግራት ነርሷ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እናቴ፣ ሆድ የተከደነ ማሰሮ አይደለም» አለችኝ። የሆድ ዕቃን የሸፈነው ስስ ሽፋን መድኃኒቱን ወደ ደም ያሳልፈዋል። ካንሰሩ ያለበት ቦታ ብዙ መድኃኒት ያገኛል፤ ኩላሊት፣ ጆሮ፣ የአጥንት መቅኔና የጣት ነርቭም ድርሻቸውን ይቀምሳሉ።

ከጎድኔ በታች ቆዳዬ ሥር በተቀበረው ፖርት፣ ማለትም በትንሿ የመድኃኒት ማስገቢያ፣ ሁለት ሊትር ያህል የሞቀ ፈሳሽ ሲገባ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ትንፋሼ ያጥራል፤ ሽንቴ ፋታ አይሰጠኝም። መድኃኒቱ ሁሉም ጥግ እንዲደርስ በየ15 ደቂቃው መገላበጥ አለ። እሷ ትራሱን ከአንዱ ጎኔ ወደ ሌላው እያዞረች አንድም ጊዜ አላሳለፈችብኝም።

የማልረሳው ግን ሸሚዙን ነው። በየዙሩ መርፌው ሳይገባ አሮጌ ሸሚዝ አምጥታ «ይቆልፉልኝ» ትለኛለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አራተኛው ዙር ላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከጣቴ እያመለጠ አስቸገረኝ፤ «ብርዱ ነው» አልኳት።

«ብርዱ ጆሮዎንም ያስጮኸዋል?»

ስለ ጆሮዬ በወሬ መሃል ጣል ያደረግሁትን ለካ ይዛው ኖሯል። ያኔውኑ ለሐኪሙ ነገረችው። የመስማት ችሎታዬ ተለካ፤ የኩላሊቴና የማግኒዚየም ምርመራው ተደገመ። ሆዴ ውስጥ ይገባ የነበረው መድኃኒት፣ ሲስፕላቲኑ፣ ቆሞ የቀሩት ሦስት ዙሮች በሌላ መድኃኒት፣ በደም ሥር ብቻ ሆኑ።

የተሸነፍኩ መስሎኝ አለቀስኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ስለወጣ ትልቅ ጥናት የነገረችኝ ያን ቀን ነው። በሆድ እንዲወስዱ ከተመደቡት ሴቶች 6ቱንም ዙር በሆድ የጨረሱት 42 በመቶ ብቻ ናቸው። ሆኖም ካላጠናቀቁት ጋር ተደምረው ግማሾቹ ከ65 ወር በላይ ኖረዋል፤ በደም ሥር ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ያለፉት 49 ወርን ነው። እንባዬን ያደረቀችው በቁጥር ነው፤ ማባበል አይሆንላትም፣ እኔም አልወድም።

ይህን ሕክምና የምትጀምሩ እህቶች፣ እሷ ከደረሰቻችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በሸሚዙ ታውቋታላችሁ። ሌላ ነርስ ከደረሰቻችሁም ቁልፉን ራሳችሁ ሞክሩ፤ መደንዘዙን በብርድ አታሳብቡ። ትኩሳታችሁ 38 ከደረሰ በዚያው ሌሊት ደውሉ።

በመጨረሻው ቀን ሸሚዙን ሰጠችኝ፤ ሌላ አላት። እስካሁን አራቱን ቁልፍ እቆልፋለሁ። አምስተኛው፣ የአንገቱ፣ ገና ነው።