በጠራራ ፀሐይ የሚጠፋው ሶላሬ

አዘዞ ቤታችን ጣሪያ ላይ ስድስት ፓኔል ካስተከልኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ባትሪ የለውም፤ ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የፓኔሉን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚሆን አድርጎ የሚቀይረው ሳጥን፣ ከመብራቱ መስመር ጋር ተገናኝቶ ነው የሚሠራው። መብራት እስካለ ድረስ ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ጥር 9 ቀን፣ የከተራ ዋዜማ፣ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። ፍሪጁ ዝም አለ። ውስጡ ለጥምቀት እንግዶች የተገዛ ሥጋ አለ። እናቴ «ሶላር አለን አይደል እንዴ?» አለችኝ። ሄጄ ሳየው የኢንቨርተሩ አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆኗል።

ተበላሸ ብዬ ኤሌክትሪሽያን ጠራሁ። ከፍቶ አየውና «ደህና ነው፤ አሠራሩ እንዲህ ነው» አለኝ። መስመሩ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመታል። ይህ ዓይነት ኢንቨርተር ያንን ምት ተከትሎ ነው ኃይል የሚሰጠው። ምቱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ባይጠፋ ከጣሪያዬ የሚወጣው 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ አልፎ በሺዎች ቮልት ይሆናል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ይህን ስሰማ ንዴቴ በረደ። የሰው ልጅ ከሥጋ ይበልጣል።

መስመሩን የሚመሩት ሰዎች የእኔን ጣሪያ ከመቆጣጠሪያ ክፍላቸው አያዩትም። ስለዚህ መቼ መጥፋት እንዳለበት የሚነግረው ሕግ ሳጥኑ ውስጥ አብሮ ይገባል። ሕጉ ሲሳሳት ደግሞ አደጋ አለው። ጀርመን ውስጥ የድሮ ኢንቨርተሮች ምቱ ከ50 ትንሽ አልፎ በሴኮንድ 50.2 ሲደርስ ሁሉም ባንዴ እንዲጠፉ ተደርገው ነበር። አንድ ጣሪያ ቢጠፋ ምንም አይደል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ባንዴ ቢጠፉ ግን አገር ሊጨልም ይችላል። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስተካከያ ተደረገላቸው።

በማሽኑ አልተናደድኩም። የተናደድኩት በሻጩ ነው። ወንድሜ፣ «መብራት ሲሄድ አታስብ» ያልከኝ አንተ ነህ። ሲሄድ ከመስመሩ ራሱን ቆርጦ ቤቱን ብቻ የሚያበራ፣ ባትሪ የሚይዝ ሌላ ዓይነት እንዳለ ታውቅ ነበር። «ርካሹ ይሄ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል» ብትለኝ ምን ነበረበት? ትንሽ ቆጥቤ ባትሪ የሚይዘውን እገዛ ነበር።

መብራቱ የመጣው በማግስቱ ማታ ነው። እናቴ ሥጋውን አሽትታ፣ ምንም ሳትናገር አውጥታ ጣለችው።

አሁን ለባትሪው እያጠራቀምኩ ነው። እናንተ ልትገዙ ከሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ እፊታችሁ ዋናውን ብሬከር ያውርድ። አምፖሉ አብሮ ከጠፋ የእኔው ዓይነት ነው።