ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የገዛሁት ስሊፒንግ ባግ ደንዲ ላይ እንዴት አደረ?

ድሬ ላይ ሌሊት የሚፈለገው ማራገቢያ ነው። ታይዋን ገበያ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) ይዞ ያገኘሁትን ሻጭ «ይሞቃል ወይ?» ብለው ሳቀብኝ። «ሙቀት ካማረህ እዚሁ ደጅ እደር አቦ!» ከዚያ መለያውን ገልብጦ ከዜሮ በታች 5 የሚለውን ቁጥር በጣቱ አሳየኝ። 3,200 ብሎ ጀመረ፤ በ2,600 ብር ተስማማን።

የፈለግኩት ደንዲ ሐይቅ ዳር ለማደር ነበር። በአምቦ መንገድ ግንጪ ደርሳችሁ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጎድጓዳ ውስጥ ሁለት ሐይቆች በቀጭን አንገት ተያይዘዋል፤ ከላይ ሲታዩ ቁልጭ ያለ 8 ቁጥር ናቸው። ውሃው ያለው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ ናት። በየሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ አስቡትና ልዩነቱን ራሳችሁ ድረሱበት።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ቀላል ነው፤ ሲጠቀለል ከትልቅ ሐብሐብ አይበልጥም፤ ዳገት ላይ ትከሻ አያስመርርም። ጠዋት ድንኳኑ ከውስጥ በላብ ርሶ ሲንጠባጠብብኝም የውጭ ጨርቁ ውሃ አላስገባም።

ብርዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጀርባዬ በረዶ ሆነ። ከላይ ደህና ነኝ፣ ከታች ግን መሬቱ ሙቀቴን እየመጠጠው ነው። ለካ ስትተኙበት ጥጡ ይጨፈለቅና አየር አይይዝም፤ የሚያሞቀው ደግሞ አየሩ ነው። አብሮን የመጣው የግንጪ ልጅ ጋቢዬን ደርቤ ሲያየኝ «ከላይ ምን ያደርግልሃል? ከታች አንጥፈው» አለኝ። አነጠፍኩት፤ እስኪነጋ ተኛሁ። ድንኳኑንም ከውሃው ዳር ከፍ አድርገን እንድንተክል ያደረገን እሱ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ጎድጓዳው እየወረደ ይጠራቀማል።

ያቺ ከዜሮ በታች 5 የምትባለው ቁጥር ደግሞ የእንቅልፍ ቁጥር አይደለችም። ደህና መለያ ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ የመጨረሻው ሰው እየተንቀጠቀጠ ሕይወቱን የሚያተርፍበት ነው። ሻጭ የሚያሳያችሁ እሱን ነው። እናንተ የምቾቱን ፈልጉ። የኔው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ከዜሮ በላይ 10 ይላል።

ታዲያ ልግዛው ወይ ካላችሁ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽ ወይም ወፍራም ጋቢ ካላችሁ በዚህ ዋጋ አይጎዳም። ለብቻው ለደጋ አይሆንም። እኔ ሐረር አጠገብ ላለው ለቁንዱዶ ተራራም ይዤው እወጣለሁ፤ ፍራሽ ጨምሬ።

ዚፑን ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ዝጉት። የኔው እግር አካባቢ የውስጡን ጨርቅ ይነክሳል። በጨለማ፣ ሽንት ወጥሮ ሲይዝ ደግሞ ያበሽቃል። ስመለስ ለሻጩ ነገርኩት። «ሻማ ቀባው» አለኝ። ቀባሁት። ከጉልበት በላይ አሁን ይንሸራተታል፤ ከዚያ በታች ያው ነው።