ያለ ቅመም የተፈጨ አጥሚት ከማርቆስ ገበያ

ስለ አጥሚት ዱቄት አስተያየት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ሦስት ወር ሙሉ ከአንዲት የደብረ ማርቆስ ባልትና ቤት ስገዛ ከርሜያለሁ። የመረቅኳት ቀን አለ፣ የተናደድኩባትም ቀን አለ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

አባዬ የአንጀት ካንሰር ታሞ ኬሞ እየወሰደ ነው። በየ21 ቀኑ ባሕር ዳር እንመላለሳለን። ድሮ ከእርሻ ሲገባ ሦስት እንጀራ አጥፎ "ሌላ የለም?" የሚል ሰውዬ፣ አሁን ሞሰብ ሲከፈት ፊቱን ያዞራል። ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለዋል። አፉ ቆስሎ የእንጀራው ኮምጣጣነት ያቃጥለዋል፣ በርበሬማ አይታሰብም። ቁሌት ሲቁላላ ሽታው ገና ከጓዳ ሳይወጣ ያጥወለውለዋል።

እናቴ የምታውቀው መድኃኒት ደግሞ ጉርሻ ነው። "በሞቴ! አፈር ስሆን! ይችን ብቻ!" እሱም ይሉኝታ ይዞት ይውጥና ትንሽ ቆይቶ መልሶ ያወጣዋል። እሷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ እሱ ግድግዳ ያያል። አንዷ ነርስ ናት የገላገለችን። "እምቢ እያሉ እኮ አይደለም፣ በሽታውም መድኃኒቱም ናቸው ፍላጎታቸውን የሚዘጉት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጧቸው፣ አትጋፏቸው" አለችን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አጥሚት የዞርነው።

ከዚች ቤት መጀመሪያ የገዛሁት ለአራስ የሚሸጠውን ነው። ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱ፣ ሁሉም አለበት። ሳፈላው ቤቱ ታወደ፣ እኔ ምራቄን ዋጥኩ። አባዬ በጋቢው አፍንጫውን ሸፈነ። "ደሞ እኔ አራስ ነኝ እንዴ?" አለ። ሳቅን፣ ግን አልቀመሰውም።

ያለ ቅመም ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት ቤት ጠየቅሁ፣ "ከ5 ኪሎ በታች ለብቻ አንፈጭም" ተባልኩ። 5 ኪሎ ምን አደርገዋለሁ? ዛሬ የወደደውን ነገ ላያየው ይችላል። ተመልሼ ወደዚችው ሴትዮ ሄድኩ። "ለማን ነው የኔ ልጅ?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው። "ግማሽ ኪሎም ቢሆን ያንቺን ለብቻው እለየዋለሁ" አሉ። አጃ፣ ገብስና ስንዴ፣ በቃ። ብዙ የተቆላ ነገር ስለሚሸት አመሱንም ለስለስ አደረጉልኝ። ዋጋው ከተራ የገብስ ዱቄት እጥፍ ነው። አልተከራከርኩም።

ዱቄቱ ደቃቅ ነው፣ አይጓጉልም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ የሚፈላው ውሃ ላይ እጨምረዋለሁ፣ እያማሰልኩ 20 ደቂቃ ያህል አበስለዋለሁ። ትልቁ ግኝታችን ግን ዱቄቱ አይደለም፣ ሲኒው ነው። በኩባያ ሞልቼ ስሰጠው ገና ሲያየው ይደክመዋል። በቡና ሲኒ ስሰጠው ግን ጠጣና "ቶናው የት አለ?" አለኝ። አሁን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ነው የምንጠጣው፣ በየሁለት ሰዓቱ። በረካ ላይ የደረሰበት ቀን ቤቱ ሰርግ ነው። ማንኪያውንም ከብረት ወደ ፕላስቲክ ቀየርነው፣ ያ የብረት ጣዕም ቀለል አለለት።

ሙቀቱም ነገር አለው። ትኩስ ሲሆን ሽታው ይነሳል፣ ቁስሉንም ያቃጥላል። ቀዝቃዛ እንዳንሰጠው ደግሞ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ነው፤ እሱን በወሰደ ሰሞን ቀዝቃዛ ነገር ጉሮሮውንና ጣቱን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ስለዚህ ለብ ያለ። ከባሕር ዳር ስንመለስ እንጅባራ ላይ መኪናው ቆሞ አባዬ የበሩን ብረት ሲነካ እጁን ቶሎ ሰበሰበ፣ የእንጅባራን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጓንቱን አጥልቄለት ከፔርሙሱ አንድ ሲኒ ቀዳሁለት። እዚያው መኪናው ውስጥ ጠጣት።

አንድ ነገር ግን ሴትዮዋን አላምናቸውም። "ደም ይተካል" ይላሉ። ደም አይተካም። በውሃ ብቻ ከተሠራ ሆድ ይሞላል እንጂ ብዙ ጉልበት የለውም። እኛ የምናጎለብተው በተፈላ ወተት፣ በኦቾሎኒ ቅቤ ወይም በለጋ ቅቤ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ቅቤውንም አብረን እናፈላዋለን። ከአጥሚቱ ጎን በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሲቀናን የጣና ዓሣ ቀቅለን አድቅቀን እንሰጠዋለን። ጠያቂ የሚያመጣውን ያልተፈላ ወተትና የገበያ እርጎ ግን ተቀብለን እናመሰግናለን፣ ለእሱ አንሰጠውም። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርድ ጥሬ ነገር ያስፈራል።

ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። አባዬ ወተቱን በጭራሽ አለ። ለመንነው፣ አልሰማም። የንስሐ አባታችን መጥተው "ይኼ ምግብ አይደለም መድኃኒትህ ነው፣ ጠጣ" ሲሉት ነው የተቀበለው። ረቡዕና ዓርብን ግን እስካሁን አልለቀቀም። በእነዚያ ቀናት በሱፍ ውሃ እሠራዋለሁ፣ ዱቄቱ ሱፍ ያምርበታል።

አሁን ወደ ንዴቴ። ሦስተኛው ዙር ላይ የገዛሁት ዱቄት በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ የወጣ ነበር። ለእኔ እምብዛም አይታወቅም፣ ለእሱ ግን የመጀመሪያዋን ሲኒ ሲቀምስ እንባው መጣ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አልቀመሰም። በጨውና በቢካርቦኔት ውሃ (ለአንድ ሊትር አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ) ሲጉመጠመጥ ዋለ። ሴትዮዋ ሳይከራከሩ ቀየሩልኝ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሁሌ ራሴ ቀምሼ ነው የምገዛው። ፌስታሉ ላይም ምን እንዳለበት፣ መቼ እንደተፈጨ የሚል ጽሑፍ የለም። ለታማሚ የሚሸጥ ሰው ይኼን በእስክሪብቶም ቢሆን መጻፍ አለበት።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። ባለፈው ሚዛን ላይ ሲወጣ 54 ኪሎ ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዙርም 54። ዶክተሩ "አልቀነሱም፣ ጥሩ ነው" አለ፤ አባዬ እንደተሾመ ሰው ዞር ብሎ እናቴን አያት። ፈሳሽ እንኳን አልረጋ ካለው ወይም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ግን አጥሚት እያፈላሁ አልቀመጥም፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ቤቷ ገበያው ውስጥ ከእህል ተራው ጀርባ ናት፣ አረንጓዴ በር። "ያለ ቅመም፣ በንጹሕ ወፍጮ" ብላችሁ ከሁለት ቀን በፊት እዘዙ። በ12 እና በ21 ዝግ ናት፣ በከንቱ እንዳትለፉ።