ለአእምሮ ቀውስ ማን ይምጣ? የቶሮንቶ ሁለት መንገዶች

ቶሮንቶ ውስጥ አንደኛው ቡድን ፖሊስና የአእምሮ ጤና ነርስ ያጣምራል። የጦር መሣሪያ ካለ ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ያለ ፖሊስ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው የማኅበረሰብ ቡድን ግን ፖሊስም የፖሊስ ዩኒፎርምም የለውም፤ በ211 ስልክ ቁጥር ይጠራል። በመሀል ከተማው ምዕራባዊ ክፍል ሥራውን የጀመረው የነባር ሕዝቦች (ከአውሮፓውያን በፊት በካናዳ የነበሩ ሕዝቦች) ድርጅት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጅ ተነጥቀው ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲወሰዱ ፖሊስም እጁ ነበረበት። ዩኒፎርም ያየ ሰው ቢደነግጥ ምን ይገርማል? በነባር ሕዝቦች ባህላዊ እንክብካቤ ውስጥ የሽማግሌ ምክርና የመድኃኒት ቅጠል ጢስ አሉ (ዕጣን ለለመደ አበሻ እንግዳ አይደለም)።

ለሠራተኛው የፖሊሱ ጥምር ሥራ አጭር ነው፤ አረጋግቶ፣ ካስፈለገ ሆስፒታል አድርሶ ወይም ወደ ሌላ አገልግሎት መርቶ ማብቃት። የማኅበረሰቡ ግን ከቀናት በኋላም ይከተላል፤ መጠለያ ማፈላለጉ፣ ቀጠሮ ማስያዙ። ያደክማል። እኔ ግን ይህንኑ እመርጣለሁ።