ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታው ምት) ለሚረፍድባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ቴኒስ ተጫዋቾች

አሰልጣኙ ጋሼ «ስሜን አደባባይ እንዳታወጣው» ስላሉኝ አላወጣሁትም። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ግን እኚህን አሰልጣኝ ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

ሌላ ቦታ ወር እየቆጠሩ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ የትና ማን እንደሆነ ይቅር። ትምህርቱ «ፍጠን!» ነው። ኳስ ሲያመልጥ ፍጠን፣ መረብ ሲነካም ፍጠን። ተማሪው ሲጣደፍ ክንዱ ይደርቃል፣ ኳሱ ከአጥር ውጭ ይለቀማል። በመጨረሻ ጥፋቱ የራኬቱ ሆኖ ያርፈዋል! አዲስ ግዛ ይባላል።

ጋሼ የሚጀምሩት ከእግር ነው። ተጋጣሚ ሊመታ ሲል ትንሽ ዘለል፤ ኳሱን ሲመታ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ። በቀኝ እንደመጣ ሲታወቅ ትከሻና ወገብ አብረው ይዞራሉ፣ ግራ እጅም የራኬቱን አንገት እንደያዘ ይከተላል። ይህ ኳሱ መረቡን ሳያልፍ ማለቅ አለበት። አብዛኛው ሰው የሚረፍድበት መዞሩ ነው እንጂ መምታቱ አይደለም፤ ኳሱ ነጥሮ እሱ ገና ራኬት ወደኋላ ይስባል።

ከዚያ አፍ ይሠራል። ኳሱ መሬት ሲነካ «ነጠረ»፣ ራኬት ሲነካ «መታ» እያሉ ጮክ ብሎ መናገር። ቃሉ ከኳሱ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ዓይን ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው። መጀመሪያ 20 ኳስ ከቅርብ በእጅ ይወረውራሉ፣ ቀጥሎ ከመረቡ ማዶ በራኬት። ኳሱ የሚመታው ከፊተኛው እግር አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ቀድሞ፣ ወገብ ላይ ነው። ለቀኝ እጅ ተጫዋች ኳሱ ወደ ቀኝ እየሸሸ ካስቸገረ ዘግይቷል፣ ወደ ግራ ከተሳበ ቸኩሏል። ሰውየው ይህን ከአቅጣጫው ብቻ አይተው ይነግሯችኋል።

አንዲት ልጅ ኳስ በኳስ ላይ እያመለጣት ራኬቷን ልትወረውር ስትል ተቀበሏት። «አብሽሪ፣ በመዳፍሽ ያዢው» አሏት። ያዘችው። እግሯ የቆመበትን በጠመኔ ከበቡና ራኬቱን መለሱላት፤ «እጅሽ የነበረበት ቦታ ራኬቱን አምጪው»። ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ አንድ ብር አልጨመሩባትም።

ሌላው የማመሰግናቸው ነገር አገሩን ማወቃቸው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎም ይነጥራል። ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የሚሠራ ለብቻው ኳስ አለ። እሱ ካልተገኘ ራኬቱን ወደኋላ የሚስቡትን ያሳጥሩላችኋል። 600 ሜትር ያህል ዝቅ ካለችው ከኮምቦልቻ የምትመጡ በተለይ ይህን ልብ በሉ፤ እዚያ የለመዳችሁት ሰዓት ደሴ ላይ ይረፍድባችኋል።

ሂዱ፣ ልጆቻችሁንም ውሰዱ። በጠዋት ይሻላል፣ ነፋስ ከተነሳ «ነጠረ» ያላችሁት ኳስ ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው። ጋሼ፣ አላህም እግዜርም ይስጥልን።