ደረሰኝ ላይ 15 አሃዝ የሚጽፈው የስልክ ሱቅ

መገናኛ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሱቅ አለ። ያገለገሉ ስልኮች ይሸጥበታል። ባለፈው ወር አንድ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ14 ገዛሁበት። ስለ ስልኩ ካሜራና ባትሪ ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ አሻሻጡ ነው።

የቀድሞው ስልኬ ሜክሲኮ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ከቦርሳዬ ተወሰደ። ላመለክት ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት አይኤምኢአይ (IMEI) የሚባለውን ባለ 15 አሃዝ የቀፎ መለያ ቁጥር ነበር። ካርቶኑን ቤት ሳጸዳ ጥዬዋለሁ። ደረሰኙን ፈልጌ ባገኘውም የተጻፈበት «ሞባይል 1» ብቻ ነው። ሃያ ዓመት በሒሳብ ሥራ የሰው ደረሰኝ ስመረምር ኖሬ የራሴን አላየሁትም። ቁጥሩን በጉግል አካውንቴ በኩል፣ የጠፋ ስልክ መፈለጊያው ላይ ከስልኩ ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት በመንካት ማግኘት እችል እንደነበር የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወደዚህ ሱቅ የገባሁት ተጠራጥሬ ነበር። ዋጋው 13,000 ብር ተባለ፤ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ተመሳሳዩን በ12,200 ይሰጣል። ተከራክሬ 300 ብር አስቀነስኩ። ገንዘቡን ቆጥሬ ልሰጥ ስል ወጣቱ ሻጭ እጁን ሰበሰበ። «እናቴ፣ ገንዘቡ ይቆየን። መጀመሪያ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ይንኩ።» (ዕድሜዬ 46 ነው፤ «እናቴ» መባሉን አልወደድኩለትም።) የመደወያው ቁልፍ ሳይነካ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ወጡ። ስልኩ ሁለት ሲም ስለሚይዝ ነው ሁለት የሆኑት። ቀጥሎ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፈተልኝ፤ ካርቶኑንም ከጎኑ አስቀመጠ። እኔ አሃዝ በአሃዝ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እሱ በጣቱ ካርቶኑ ላይ ተከተለኝ። ሦስቱም ቦታ አንድ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያዎቹን ስምንት አሃዞች ደግሞ ኮምፒውተር ላይ አስገባቸው። እነሱ የስልኩን ዓይነት ይናገራሉ፤ ቀጣዮቹ ስድስት የዚያ ቀፎ ተራ ቁጥር ናቸው። ጀርባው ላይ ሳምሰንግ ተጽፎ ቁጥሩ የሌላ ስልክ ሆኖ ከወጣ ቀፎው ተነካክቷል ማለት ነው። የእኔ ትክክለኛውን ሞዴል አወጣ።

የወደድኩት የመጨረሻዋን አሃዝ ነው። እሷ የማረጋገጫ አሃዝ ናት። የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን ያወጣው፣ የባንክ ካርዶችም የሚጠቀሙበት ስሌት ነው፦ ከአሥራ አራቱ አሃዞች ሁለተኛውን፣ አራተኛውን እያልክ እስከ መጨረሻው በሁለት ታባዛለህ፤ ውጤቱ ባለ ሁለት አሃዝ ከሆነ አሃዞቹን ትደምራቸዋለህ፤ ያልተባዙትን ትጨምርበታለህ። ድምሩን ወደ ቀጣዩ አሥር የምታደርሰው የመጨረሻዋ አሃዝ ናት። እዚያው ቆሜ በእስክሪብቶ ሠራሁት። 52 መጣ፤ ስልኩም የሚጨርሰው በ8 ነው። ሻጩ ሒሳቤን ሲያይ ሳቀ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። እርግጥ ይህ ስሌት የአጻጻፍ ስህተት ይይዛል እንጂ ከሌላ ስልክ እንዳለ የተገለበጠን ቁጥር አይለይም። ለዚያ የሚረዳው ሻጩ የሚይዘው ወፍራም ደብተር ነው፦ ስልክ የሚሸጥለት ሰው ሁሉ መታወቂያውን አስገልብጦ ይፈርምበታል።

ደረሰኙ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ሙሉ በሙሉ ተጽፈው፣ ማኅተም ተደርጎባቸው ተሰጠኝ። ብዙ ሰው ስለዚህ ቁጥር መጀመሪያ የሰማው በ2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የቀፎ ምዝገባ ሲጀምር ነው፤ ደረሰኝ ላይ የሚጽፈው ሱቅ ግን ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። ለዚህ ብቻ 500 ብር ብልጫ መክፈሌ አልቆጨኝም።

የቀረው ባጭሩ፦ ዋስትናው አሥር ቀን ነው፣ ያንሳል። ቻርጀሩ የራሱ አይደለም። ሱቁ ውስጥ አየር የለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሱቁ የቴሌግራም ቻናል አለው። በገዛሁ በሦስተኛው ቀን ስከፍተው የእኔው ካርቶን ፎቶ ተለጥፏል፤ ሁለቱም ቁጥሮች ከነባርኮዳቸው ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ደወልኩ። «ማን ያየዋል፣ እናቴ?» አለኝ። የተሰረቀ ቀፎ ላይ የእኔን ቁጥር የሚያስጽፍ፣ ወይም ስልኬን የራሱ አስመስሎ ጠፋብኝ ብሎ የሚያመለክት ያየዋል አልኩት። ቀፎ ከኔትወርክ የሚዘጋው በዚህ ቁጥር ነውና፣ ሲም ብቀይር ወይም ስልኩን እንደ አዲስ ባስጀምር አያድነኝም። ዝም አለና «ልክ ነዎት» አለ። በዚያው ቀን አነሳው። የሌሎቹ ደንበኞች ካርቶኖች ግን ለሳምንት እንደተለጠፉ ቆዩ።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። አራት ለማድረግ አስቤ ዛሬ ጠዋት ቻናሉን ከፈትኩ። ትናንት የተለጠፈው ቀይ ስልክ ካርቶን ላይ፣ ቁጥሩ ያለበት ቦታ በአውራ ጣት ተሸፍኗል። ጣቱ የሸፈነው ግን የላይኛውን ብቻ ነው።